ለሰፊው አንባቢ መጻፍ፦ የአንድ ሳምንት ልማድ



የዛሬው ንግግሬ ለሰፊው አንባቢ የማዘጋጃቸውን አጫጭር መጣጥፎች እንዴት እንደማቅድና እንደምጽፍ ያብራራል። ርዕሱ ቀላል ቢመስልም ጉዳዩ ቀላል አይደለም። በዩኒቨርሲቲዎቻችን የምናስተምረውም የምንመራመረውም በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ነው። ስለ አፈር የተሠራ ጥናት በቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ ሲቀመጥ፣ በዚያው አፈር ለሚተዳደረው አርሶ አደር አንድም ዐረፍተ ነገር አይደርሰውም። ይህን ክፍተት በአንድ ጀንበር መድፈን አይቻልም፤ በየሳምንቱ አንድ ገጽ መጻፍ ግን ይቻላል።

ልማዴ አምስት እርከኖች አሉት።

የመጀመሪያው ጥያቄ መሰብሰብ ነው። ከኪሴ በማትለይ ማስታወሻ ደብተር፣ በመስክም ሆነ በክፍል ውስጥ የምሰማውን ጥያቄ በጠያቂው ቃል እንዳለ እመዘግባለሁ። «ማዳበሪያ እየጨመርሁ ገብሱ ለምን ይቀጭጫል?» የሚለው፣ «የአፈር አሲዳማነት በምርታማነት ላይ ያለው ተጽዕኖ» ከሚለው ርዕስ ይበልጥብኛል፤ ጥያቄው መልስ ይጠብቃልና።

ሁለተኛው፣ ሰኞ ማታ አንዱን ጥያቄ መርጬ መልሱን በአንድ ዐረፍተ ነገር መጻፍ ነው፦ «አፈሩ ኮምጣጣ ከሆነ ማዳበሪያ ብቻውን አይበቃም፤ ኖራ ያስፈልገዋል።» ይህን መጻፍ ካቃተኝ ወደ ንባብ እመለሳለሁ።

ሦስተኛው ንድፍ ነው። ማክሰኞ ምክንያቶቹን በግማሽ ገጽ ላይ በቅደም ተከተል እደረድራለሁ። የአፈሩ ፒኤች ከ5.5 በታች ሲወርድ አሉሚኒየም መሟሟት ይጀምራል፤ የሟሟው አሉሚኒየም ሥርን ይጎዳል፤ ፎስፈረስም ከብረትና ከአሉሚኒየም ጋር ስለሚጣበቅ ተክሉ እንደልብ አያገኘውም፤ ኖራ ፒኤቹን ከፍ በማድረግ ሁለቱንም ችግሮች ያቃልላል። ከቀዳሚው ያልተያያዘ ሐሳብ ካለ እዚህ ላይ ይታያል።

አራተኛው መጻፍ ነው። ረቡዕ ከንጋቱ 11 ሰዓት ጀምሮ፣ ስልኬን ዘግቼ፣ አንድም ቃል ሳልሰርዝ እስከ መጨረሻው እጽፋለሁ። «ኮምጣጣ አፈር» አርሶ አደሩም ባለሙያውም የሚግባቡበት ስለሆነ እርሱን እመርጣለሁ። ፒኤችን ግን «የኮምጣጣነት መለኪያ፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ኮምጣጣነቱ ይጨምራል» ብዬ አብራራዋለሁ።

አምስተኛው ማሳደርና ማንበብ ነው። ጽሑፉ ሁለት ሌሊት ካደረ በኋላ፣ ዓርብ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነብበዋለሁ፤ ትንፋሽ የሚያሳጥር ዐረፍተ ነገር ለሁለት ይከፈላል። ከዚያም ከሙያው ውጭ ለሆኑ ጎረቤት አነብላቸውና «ምን ተረዱ?» ብዬ እጠይቃለሁ። ምላሻቸው ከሰኞዋ ዐረፍተ ነገር ጋር ካልተገናኘ፣ የሚታረመው ጽሑፉ እንጂ አድማጩ አይደለም።

ማቅለል ሳይንሱን ያራክሳል የሚሉ ባልደረቦች አሉ። ሥጋታቸው መሠረት አለው። «ኖራ ጨምሩ» ብሎ ማቆም ያሳስታል፤ መጠኑ በአፈር ምርመራ መወሰን አለበት፤ ከልክ ያለፈ ኖራ ተክሉ እንደ ዚንክ ያሉ ንጥረ ነገሮችን እንዳያገኝ ያደርጋል። ስለዚህ የማሳጥረው ቃሉን እንጂ ጥንቃቄውን አይደለም።

ውድ ተማሪዎች፣ የመመረቂያ ጥናታችሁን ስታስረክቡ አንድ ገጽ በአማርኛ ወይም በአካባቢው ቋንቋ ጻፉ፤ ከማሳው ናሙና እንድትወስዱ ለፈቀደላችሁ አርሶ አደርም ሄዳችሁ አንብቡለት።