ያውቁ ኖሯል? የወፍጮ ቤት ሞተር መብራት ያመነጫል

በመቀሌው አሉላ አባ ነጋ አውሮፕላን ማረፊያ የሚያርፈው ኪው 400 አውሮፕላን ሞተሩን የሚያስነሣበት መሣሪያ፣ ሞተሩ ከተነሣ በኋላ ራሱ ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ኢንዳክሽን የሚባለው የወፍጮ ቤት የኤሌክትሪክ ሞተርም ሁለቱንም ሥራ ይችላል።

• ፍጥነት። መለያው ላይ «50 ኸርዝ፣ 1440 ዙር በደቂቃ» የሚል ኢንዳክሽን ሞተር፣ በውኃ ተርባይን ከ1500 ዙር በላይ፣ 1560 ገደማ ሲሽከረከር ጄኔሬተር ይሆናል።

• ካፓሲተር። ከመብራት ኃይል መስመር ርቆ ለብቻው የሚሠራ ከሆነ ካፓሲተር ይገጠምለታል። ብረቱ ውስጥ የቀረው ጥቂት ማግኔት ኃይሉን ይጀምረዋል፤ ካፓሲተሩ ያሳድገዋል። ማግኔቱ ከጠፋ ለአፍታ ባትሪ በማገናኘት ይመለሳል።

• ጭነት። ከአቅሙ በላይ ሲጫንበት ቮልቴጁ ወድቆ ማመንጨቱን ያቆማል። አምፖሎች በድንገት ሲጠፉ ደግሞ ቮልቴጁ ያሻቅባል፤ ስለዚህ ትርፉን ኃይል ወደ ውኃ ማሞቂያ የሚልክ መቆጣጠሪያ ያስፈልገዋል።

• ታላቅ ወንድሙ። በመቀሌ አቅራቢያ በ2006 ዓ.ም. የተመረቀው የአሸጎዳ የነፋስ ኃይል ማመንጫ 120 ሜጋ ዋት አቅም አለው። ከ84ቱ ተርባይኖች የ54ቱ ጄኔሬተሮች የኢንዳክሽን ዓይነት ናቸው።

ጥንቃቄ፦ ካፓሲተር ማሽኑ ከቆመ በኋላም ኃይል ይዞ ይቆያል፤ ሳያራግፉ አይንኩት። ማሽኑንም ያለ ባለሙያና ያለ ፈቃድ ከመብራት ኃይል መስመር ጋር አያገናኙ፤ መስመሩ ተቋርጧል ብሎ የሚጠግን ሠራተኛ ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል።

ጥቅሉ ያልተቃጠለ አሮጌ ሞተር ካለዎት ለቁርጥራጭ ብረት ገዢ ከመሸጥዎ በፊት በባለሙያ ያስፈትሹት። ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ ላለው መንደር ብርሃን ሊሆን ይችላል።