አሮጌ ዕቃ ሞዴል አይሆንም፦ የብረታ ብረት ማፍሰሻ ሞዴል አሠራር በደሴና በኮምቦልቻ ሁኔታ

መግቢያ

የዐፄ ቴዎድሮስ መድፍ ሴባስቶፖል ዛሬም በደቡብ ወሎ፣ በመቅደላ አምባ ላይ ይገኛል። በጋፋት ቀልጦ የፈሰሰውና 7 ቶን ገደማ የሚመዝነው ይህ መድፍ ወደ አምባው የተጓዘው በ1860 ዓ.ም. ነው። ስለ ሴባስቶፖል ሲነሳ በብዛት የሚወራው ስለ ክብደቱና ስለ ጉተታው ነው። ሆኖም ማናቸውም ቀልጦ የሚፈስ ዕቃ ከእቶኑ በፊት የሚቀድም ሥራ አለው፤ እርሱም የቅርጹ ዝግጅት ነው።

ይህ ጉዳይ ዛሬ ለኮምቦልቻ የዕለት ተዕለት ጥያቄ ነው። ከተማዋ የጨርቃ ጨርቅ፣ የቢራ፣ የዱቄትና የብረታ ብረት ፋብሪካዎች ያሉባት ስትሆን፣ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክም ተጨምሮባታል። አንድ ፑሊ ሲሰበር ማሽኑ ይቆማል፤ መለዋወጫውን ከውጭ ማስመጣት ደግሞ የውጭ ምንዛሪና ረጅም ጊዜ ይጠይቃል። ስለዚህ የተሰበረውን ዕቃ ወደ ወርክሾፕ ወስዶ «ይህንኑ የመሰለ ሥሩልን» ማለት የተለመደ መፍትሔ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አሮጌውን ዕቃ በቀጥታ አሸዋ ውስጥ ቀብሮ ማፍሰስ ለምን እንደማያዋጣ ማብራራትና ትክክለኛውን ስሌት ማሳየት ነው።

ሞዴል ከዕቃው በምን ይለያል?

በሙያው ፓተርን ወይም ሞዴል የሚባለው፣ በእርጥብ አሸዋ ውስጥ ተጠቅጥቆ ሲወጣ የዕቃውን ቅርጽ ባዶ ቦታ አድርጎ የሚተው አካል ነው። ከዕቃው ጋር ይመሳሰላል እንጂ እኩል አይደለም። ልዩነቱ በአራት ነገሮች ይገለጻል።

አንደኛው የመኮማተር ትርፍ ነው። የቀለጠ ብረታ ብረት ረግቶ ሲቀዘቅዝ ያንሳል። ጊዛ ወይም ካስት አይረን 1 ከመቶ፣ አልሙኒየም 1.3 ከመቶ፣ ስቲል 2 ከመቶ ገደማ ይኮማተራሉ። ሁለተኛው የቶርኖ ትርፍ ነው፤ ከአሸዋ የወጣው ሻካራ ገጽ ተልጎ እስኪስተካከል ድረስ የሚነሳ ውፍረት ያስፈልገዋል። ሦስተኛው ማዘንበያ ነው። ሞዴሉ ከአሸዋው ሲሳብ ጠርዙን እንዳያፈርስ ቀጥ ያሉ ጎኖቹ 1 ወይም 2 ዲግሪ ያዘነብላሉ፤ በ100 ሚሊ ሜትር ቁመት 1 ዲግሪ ማለት በየጎኑ 1.75 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። አራተኛው የኮር መቀመጫ ነው። የዕቃው ቀዳዳ የሚገኘው ለብቻው ተሠርቶ በደረቀ የአሸዋ ኮር በመሆኑ፣ ሞዴሉ በቀዳዳው ምትክ ኮሩ የሚያርፍበትን ጉጥ መያዝ አለበት። አሮጌው ፑሊ ከአራቱ አንዱንም አልያዘም።

የአንድ ፑሊ ስሌት

የውጭ ዲያሜትሩ አዲስ ሳለ 400 ሚሊ ሜትር የነበረ የጊዛ ፑሊ እንውሰድ። ለቶርኖ በየጎኑ 3 ሚሊ ሜትር ከተተወ፣ ከአሸዋ የሚወጣው ዕቃ 406 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። በዚህ ላይ 1 ከመቶ የመኮማተር ትርፍ ሲጨመር የሞዴሉ ዲያሜትር 410 ሚሊ ሜትር ይሆናል።

አሁን ደግሞ አሮጌው ፑሊ በየጎኑ 1.5 ሚሊ ሜትር ተበልቶ 397 ሚሊ ሜትር ቀርቶታል እንበል። እርሱው ሞዴል ከሆነ አዲሱ ዕቃ ሲቀዘቅዝ 393 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ በቶርኖ ሲስተካከል ወደ 387 ይወርዳል። ከትክክለኛው 13 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም 3.25 ከመቶ ያህል ጎድሏል ማለት ነው። ይህ ፑሊ ሞተሩ ላይ የሚገጠም ከሆነ በቺንጋ የሚነዳው ማሽን በዚያው መጠን ይዘገያል። ፑሊው እንደገና አርጅቶ በተመሳሳይ መንገድ ቢቀዳ ስህተቱ በስህተት ላይ ይደረባል። ደንበኛው የሚያማርረው ግን ብዙ ጊዜ በብረቱ ጥራት ላይ ነው።

ስለዚህ ከአሮጌው ዕቃ መወሰድ ያለበት መረጃ እንጂ ቅርጽ አይደለም። ያልተበሉ ገጾቹ ይለካሉ፤ የተበሉት ደግሞ ከሚገጠሙበት ዘንግ፣ ኩሺኔታና ቺንጋ ልክ ተነሥቶ ይሰላሉ። ከዚያ ሥዕሉ ይነሣል፤ ትርፎቹም በሥዕሉ ላይ ይጨመራሉ።

እንጨቱና የአየር ጠባዩ

ሞዴል በብዛት ከእንጨት ይሠራል። ዋንዛ ለመላግ የሚመችና ሲደርቅ ብዙ የማይጣመም በመሆኑ ይመረጣል፤ ባሕር ዛፍ በአንጻሩ ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃልም። ይሁን እንጂ ጥሩ እንጨትም እርጥበቱ ሲለዋወጥ መጠኑን ይለውጣል። በአካባቢያችን ይህ ልዩ ትኩረት ይሻል። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ቀዝቃዛ ከተማ ናት፤ በሐረጎ ቁልቁለት 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወርደን የምናገኛት ኮምቦልቻ ግን 1,850 ሜትር አካባቢ ላይ ያለች ሞቃታማ ከተማ ናት።

እንጨት በአሰር አቅጣጫ ከሞላ ጎደል አይኮማተርም። ከአሰሩ አግድም ግን እርጥበቱ በ1 ከመቶ በቀነሰ ቁጥር ብዙዎቹ እንጨቶች ከ0.2 እስከ 0.3 ከመቶ ያህል ይጠባሉ። በሚገባ ሳይደርቅ ደሴ ላይ የተሠራ ባለ 410 ሚሊ ሜትር ሞዴል ኮምቦልቻ ወርዶ 3 ከመቶ እርጥበት ቢያጣ፣ በአንድ አቅጣጫ ከ2.5 እስከ 3.7 ሚሊ ሜትር ሊጠብ ይችላል። ለጊዛው መኮማተር የተሰጠው ትርፍ 4 ሚሊ ሜትር ብቻ መሆኑን ስናስታውስ፣ እንጨቱ አብዛኛውን እንደበላው እንረዳለን። በሌላው አቅጣጫ ልኩ ስለማይለወጥም ክቡ ሞዴል ሞላላ ይሆናል።

መከላከያው አስቸጋሪ አይደለም። እንጨቱ ከመሠራቱ በፊት ብረቱ በሚፈስበት ከተማ፣ በጥላ ሥር ለሳምንታት ይቀመጥ። ክብ ሞዴል ከአንድ ሰፊ ጣውላ ከሚቆረጥ ይልቅ፣ አሰራቸው ዙሪያውን እንዲከተል ሆነው ከተቆረጡ አጫጭር ክፍሎች በድርብርብ ይጣበቅ፤ የአንዱ ድርብ መጋጠሚያም በሌላው መሐል ላይ ይዋል። የተጠናቀቀው ሞዴል ገጹ ሁሉ፣ ታቹም ጭምር፣ ቫርኒሽ ይቀባ። በመጨረሻም አሸዋ ውስጥ ከመግባቱ በፊት በሁለት ተሻጋሪ ዲያሜትሮች ላይ በካሊፐር ይለካ።

ማጠቃለያ

ሞዴል የዕቃው ግልባጭ ሳይሆን በእንጨት የተጻፈ ስሌት ነው። ወርክሾፖች በየሞዴሉ ላይ የዕቃውን የመጨረሻ ልክ፣ የሚፈስበትን የብረት ዓይነትና የተሰጠውን ትርፍ ቢጽፉና ሞዴሉን ከሥዕሉ ጋር ቢያስቀምጡ፣ ያው ክፍል ዳግም ሲሰበር ሥራው ከልኬት ሳይሆን ከማፍሰስ ይጀምራል። የቆመ ማሽን ለሚጠብቅ ፋብሪካ ይህ የቀናት ልዩነት ነው።