ማውጫውና መጻሕፍቱ የት ይቀመጡ?

በሐረር ጀጎል ውስጥ የራስ ተፈሪ ቤት እየተባለ በሚጠራው ሕንፃ የሚገኘው የሸሪፍ ቤተ መዘክር በእጅ የተጻፉ ብዙ ጥንታውያን መጻሕፍትን አሰባስቦ ይዟል። እንዲህ ያለውን መጽሐፍ ብልና እርጥበት ቢያገኘው እንኳ ጽሑፉ እንዳይጠፋ፥ ገጹን ሁሉ ፎቶግራፍ አንሥቶ በኮምፒዩተር ማኖር በዘመናችን የተለመደ ነው። የዛሬው ንግግራችን ከዚያ በኋላ ስለሚመጣው ጥያቄ ነው፤ ሥዕሉ የት ይቀመጥ?

አንዱ ገጽ 60 ሜጋባይት ቢይዝ፥ 400 ገጽ ያለው መጽሐፍ 24 ጊጋባይት፥ መቶ መጻሕፍት ደግሞ 2,400 ጊጋባይት ይሆናሉ። ማከማቻውም ኹለት ዐይነት ነው። ሐርድ ዲስክ የሚባለው በደቂቃ 5,400 ወይም 7,200 ጊዜ የሚሽከረከር ሳሕን አለው፤ የሚያነበው ራስ ከቦታ ወደ ቦታ መንቀሳቀስ ስላለበት ለአንዱ ፍለጋ የሰከንድ አንድ መቶኛ ያህል ይፈጅበታል። ኤስኤስዲ የሚባለው ግን የሚንቀሳቀስ አካል ስለሌለው መቶ እጥፍ ያህል ይፈጥናል። ዋጋው ግን ለእኩል ስፋት ሲተያይ ከፍ ያለ ነው፤ እየተጻፈበትም ያረጃል።

ስለዚህ ኹለቱን የሚያጣምር የፋይል ሥርዓት ያስፈልጋል። የፋይል ሥርዓት እንደ መዝገብ ቤት ሹም ነው፤ የትኛው ዶሴ በየትኛው መደርደሪያ እንዳለ የሚያውቅ እርሱ ነው። አንዱ ሹም ዶሴውን በሰፊው ግምጃ ቤት ትቶ ግልባጩን ብቻ በጠረጴዛው ላይ ያኖራል። ሌላው ዋናውን እያዘዋወረ፥ ብዙ የሚጠየቀውን ወደ ፈጣኑ፥ የተረሳውን ወደ ዝግተኛው ይልካል፤ አፕል ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጣው ፊውዥን ድራይቭ ይህን ይመስላል።

ለመጻሕፍቱ ሥዕል ግን፥ በእኛ አስተያየት፥ ኹለቱም እምብዛም አይጠቅሙም። ተመራማሪ ዛሬ አንዱን ነገ ሌላውን መጽሐፍ ስለሚጠይቅ፥ ተደጋግሞ የሚፈለግ ገጽ ጥቂት ነው። ተደጋግሞ የሚፈለገው ማውጫው ነው። የአንድ ሺሕ ፋይሎችን ስምና መጠን ለመዘርዘር ለእያንዳንዱ አንድ ፍለጋ ቢያስፈልግ፥ ሐርድ ዲስኩ ዐሥር ሰከንድ ሲፈጅ ኤስኤስዲው አንድ ሰከንድ አይሞላበትም። ዜድኤፍኤስ የተባለው የፋይል ሥርዓት ማውጫውን ለይቶ በኤስኤስዲ፥ ሥዕሉን በሐርድ ዲስክ ለማስቀመጥ ይችላል።

አደጋውም እዚሁ ላይ ነው። ያ ኤስኤስዲ ብቻውን ሆኖ ቢበላሽ፥ በሐርድ ዲስኮቹ ላይ ያለው ሥዕል አንዱም ሳይነካ ሁሉም እንደ ጠፋ ይቆጠራል። ቁጥር በሌላቸው ዶሴዎች በተሞላ ክፍል ውስጥ ቆሞ የሚያውቅ ጸሓፊ ለዚህ ማብራሪያ አያሻውም። ስለዚህ ማውጫው ቢያንስ በኹለት ኤስኤስዲ ላይ እኩል ይጻፍ። ኹለቱም በአንድ ቀን ከአንድ ፋብሪካ የወጡ ባይሆኑ ይመረጣል፤ እኩል ሲጻፍባቸው እኩል ያረጃሉና።

መብራት ድንገት ሲጠፋስ? ዜድኤፍኤስ በቀድሞው ጽሑፍ ላይ አይጽፍም፤ አዲሱን በሌላ ቦታ ጽፎ ከጨረሰ በኋላ አድራሻውን ይለውጣል፤ በመካከል ቢቋረጥ የቀድሞው ይገኛል። ይህ ግን ኤስኤስዲው «ጽፌአለሁ» ሲል እውነቱን ከሆነ ነው። አንዳንዱ ርካሽ ዕቃ ነገሩ ገና በጊዜያዊ ማስታወሻው ላይ ሳለ ተጽፎአል ይላል። ስለዚህ ለማውጫ የሚሆነው፥ መብራት ሲጠፋ የቀረውን ጽፎ ለመጨረስ የሚበቃ ኀይል በውስጡ የሚያኖር ዐይነት መሆኑ ከመገዛቱ በፊት ይጠየቅ። የሥዕሎቹ ሌላ ቅጂ ደግሞ ከዚህ ሁሉ ውጭ፥ በሌላ ሕንፃ ይቀመጥ።