ገንዘብ አካፋፋይ ልጆች

«ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ይላል ያገራችን ሰው። ተረቱ ስለ ሊጥ ብቻ የተተረተ አይደለም። ልጅ ይታዘዛል እንጂ አያዝም፣ ያዳምጣል እንጂ አይመክርም፣ ይቀበላል እንጂ አይሰጥም የሚል ሙሉ ሥርዓት ከጀርባው አለ። አሜሪካ ውስጥ፣ በታላላቆቹ ሐይቆች መካከል በተዘረጋችው በሚሺጋን ግዛት ግን ቡሃቃው ለልጆች ከተተወ ከ30 ዓመት በላይ ሆኖታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በግዛቲቱ ከተሞች ዕድሜያቸው ከ12 እስከ 21 ዓመት የሆኑ ወጣቶች ከትምህርት መልስ ጠረጴዛ ከበው ይቀመጣሉ። ፊታቸው የተከመረው ወረቀት የቤት ሥራ ሳይሆን ገንዘብ የሚጠይቅ ፕሮፖዛል ነው። ከጠያቂዎቹ ብዙዎቹ አዋቂዎች ናቸው፤ መምህራን፣ የቤተ መጻሕፍት ኃላፊዎች፣ የበጎ አድራጎት ድርጅት ሥራ አስኪያጆች። «ይሰጠው» ወይም «አይሰጠው» የሚሉት ግን ብዙዎቹ ገና ሁለተኛ ደረጃን ያልጨረሱ ልጆች ናቸው። ስብስቡ የወጣቶች አማካሪ ምክር ቤት ይባላል። አባላቱ የእንግሊዝኛ ስሙን የመጀመሪያ ፊደሎች ገጥመው «ያክ» ይሉታል። በሚሺጋን ከ80 በላይ ያኮች አሉ።

ያክን ለመረዳት በመጀመሪያ ያክ የተጠለለበትን ቤት ማወቅ ያስፈልጋል። ቤቱ የማኅበረሰብ ፋውንዴሽን ይባላል። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1914 በክሊቭላንድ ከተማ የተመሠረተው ፍሬድሪክ ጎፍ በተባለ የባንክ ሰው ነው። (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) በዚያ ዘመን ባለጸጎች ሲሞቱ ሀብታቸውን ለአንድ የተወሰነ ዓላማ ይናዘዙ ነበር። ዘመን ሲለወጥ ዓላማው ይጠፋል፣ ገንዘቡ ግን በኑዛዜው እንደታሰረ ይቀራል። ጎፍ ያሰበው መላ፣ የብዙ ሰዎችን ስጦታ በአንድ ቋት አጠራቅሞ፣ የከተማው ሰዎች የሚሰየሙበት ኮሚቴ በየዘመኑ ለሚነሳው ችግር እንዲያውለው ማድረግ ነው። ዋናው ገንዘብ አይነካም። በኢንቨስትመንት ላይ ይውልና ከሚያፈራው ብቻ በየዓመቱ የዋናውን ገንዘብ ከመቶ 4 ወይም 5 የሚያህል ወጪ ይደረጋል። ባላገር ቢጠየቅ፣ ላሟን ሳያርዱ ወተቷን መጠጣት ማለት ነው ይል ነበር። ዛሬ በአሜሪካ እንዲህ ያሉ ፋውንዴሽኖች ከ900 በላይ ናቸው።

ልጆቹ ወደዚህ ቤት የገቡት በቁርስ እህል ሀብት ነው። ኮርን ፍሌክስን ለዓለም ያስተዋወቀው ዊል ኪት ኬሎግ፣ በሚሺጋኗ ባትል ክሪክ ከተማ በስሙ የሚጠራውን ፋውንዴሽን በ1930 አቋቁሞ ነበር። በ1980ዎቹ መጨረሻ፣ ራስል ሞቢ ፋውንዴሽኑን በሚመሩበት ዘመን፣ የኬሎግ ፋውንዴሽን ከሚሺጋን ፋውንዴሽኖች ምክር ቤት ጋር ሆኖ ለየከተማው የማኅበረሰብ ፋውንዴሽኖች አንድ ውል አቀረበላቸው። ከአካባቢያችሁ ሕዝብ 2 ሚሊዮን ዶላር ካሰባሰባችሁ እኛ 1 ሚሊዮን እንጨምራለን፤ ይህ የኛ 1 ሚሊዮን ግን ለወጣቶች ጉዳይ ብቻ የሚውል ቋሚ ገንዘብ ይሆናል፤ እንዴት እንደሚሰጥም የሚመክሩት ወጣቶቹ ራሳቸው ናቸው የሚል ውል ነው።

የውሉ ብልሃት እዚህ ላይ ነው። ከተማው 2 ሚሊዮኑን የፈለገው ለራሱ ነበር፤ 1 ሚሊዮኑን ለማግኘት ግን ልጆቹን ማስቀመጥ ግድ ሆነበት። ልጆች ይሰሙ የሚል ስብከት ቢሆን ኖሮ አዋቂው በጭብጨባ ተቀብሎ በማግሥቱ ይረሳው ነበር። ገንዘብ የታሰረበት ወንበር ግን አይረሳም። ገንዘቡም ቋሚ በመሆኑ፣ የመጀመሪያዎቹ ልጆች አድገው ቢሄዱም ወንበሩ አልታጠፈም። በስሌት ብናየው 1 ሚሊዮን ዶላር በዓመት ከ40 እስከ 50 ሺህ ዶላር ያስገኛል። ለአንድ መለስተኛ ከተማ ወጣቶች ይህ ቀላል ገንዘብ አይደለም።

የያክ ዓመት ብዙውን ጊዜ ከትምህርት ዘመኑ ጋር አብሮ ይከፈታል። የሥራው መሠረት ጥናት ነው። በየሦስት ዓመቱ ገደማ ልጆቹ መጠይቅ አዘጋጅተው እኩዮቻቸውን በየትምህርት ቤቱ ይጠይቃሉ፤ የሚያስጨንቃችሁ ምንድን ነው? ትምህርት ስታቋርጡ ምክንያቱ ምንድን ነው? ከክፍል በኋላ የት ትውላላችሁ? አዋቂ ቢጠይቅ «ደህና ነኝ» የሚል ልጅ ለእኩያው እውነቱን የመናገር ዕድሉ የሰፋ ነው። ጭንቀት፣ ሱስ፣ የጓደኛ ዱላና ስድብ፣ የሚውሉበት ቦታ ማጣት ከመልሶቹ መካከል ይገኛሉ። ከዚያ ምክር ቤቱ ዘንድሮ የምንደግፈው ይህንና ይህን ነው ብሎ ማስታወቂያ ያወጣል።

ፕሮፖዛሎቹ ሲመጡ ንባቡ ይጀምራል። እያንዳንዱ አባል ነጥብ መስጫ ቅጽ ይዞ ለብቻው ያነባል። ይህ ሥራ በጥናቱ ከታየው ችግር ጋር ይገናኛል? ስንት ወጣት ይጠቅማል? በጀቱ ይደመራል? ለአሠልጣኝ ውሎ አበል ተብሎ የተያዘው ከልጆቹ ቁሳቁስ ይበልጣል ወይ? ግር ያላቸውን ቦታ ሄደው ያያሉ፣ አመልካቹን ጠርተው ይጠይቃሉ። በስብሰባው ቀን ደግሞ ሌላ ሥርዓት አለ። ከአመልካቾቹ አንዱ የአባሉ ትምህርት ቤት፣ የሚጫወትበት ቡድን ወይም እናቱ የምትሠራበት ድርጅት ከሆነ፣ አባሉ ይህንኑ ተናግሮ ከድምፅ መስጫው ይወጣል። የ15 ዓመት ልጅ «በዚህ ጉዳይ ጥቅም ስላለኝ እኔ ድምፅ አልሰጥም» ማለትን እዚያ ይለምዳል። የብዙ አገር ባለሥልጣናት በሽበታቸው ያልለመዱት ዓረፍተ ነገር ነው።

ከሁሉ የሚከብደው «አይ» ማለት ነው። እንበል፣ በእጃቸው 30 ሺህ ዶላር አለ፤ የተጠየቀው ግን 70 ሺህ ነው። አንዱ ራስን ማጥፋትን ለመከላከል መምህራንን ላሠልጥን ይላል፤ ሌላው ለአካል ጉዳተኛ ልጆች የበጋ ካምፕ፤ ሦስተኛው የትያትር ቡድን። ሦስቱም መልካም ናቸው። መልካም መሆን ግን አልበቃም፤ ከመልካሞቹ መካከል አንዱ ባዶ እጁን መመለስ አለበት። ልጅ እስከዚያ ቀን ድረስ የሚያውቀው የጠያቂውን ወንበር ነው፤ ለመነ፣ ተሰጠው ወይም ተከለከለ። በሰጪው ወንበር ሲቀመጥ ግን ገንዘብ ልክ እንዳለው፣ መከልከልም ሁልጊዜ ክፋት እንዳልሆነ፣ የከለከለም ሰው ምክንያቱን በአክብሮት የመግለጽ ዕዳ እንዳለበት ይማራል። የአመራር ሥልጠና በሚባለው ሁሉ ውስጥ በንግግር የሚገለጸው ይህ ነው፤ በያክ ግን በቃለ ጉባኤ ይመዘገባል። በኔ ግምት የዚህ ተቋም ዋና ምርት ከሚሰጠው ድጋፍ ይልቅ ይህ ነው። የተሰጠው ድጋፍ ወጥቶ ያልቃል፤ «አይ» ማለትን በሥርዓት የተማረ ሰው ግን ነገ የቀበሌ ሊቀመንበርም፣ የኩባንያ ሥራ አስኪያጅም ሊሆን ይችላል።

ሚሺጋንም ይህን ልምድ አይታ በ2008 ባወጣችው ሕግ፣ የ16 እና የ17 ዓመት ወጣቶች በበጎ አድራጎት ድርጅቶች ቦርድ ውስጥ ባለ ሙሉ ድምፅ አባል እንዲሆኑ ፈቅዳለች።

ተመሳሳይ ሐሳብ አትላንቲክን ተሻግሮም በሌላ መልክ ይገኛል። በሰሜን አየርላንድ ከ3,500 በላይ ሰው የፈጀው የሠላሳ ዓመት ግጭት በ1998 ስምምነት ቢዘጋም፣ የካቶሊክና የፕሮቴስታንት ልጆች አብዛኞቹ አሁንም በተለያየ ትምህርት ቤት ይማሩ ነበር። በዚያው ሰሞን «የወጣቶች ባንክ» የሚባል ሥራ እዚያ ተጀመረ። ባንክ ይባል እንጂ አያበድርም፣ ተቀማጭም አይሰበስብም፤ ወጣቶች ተሰይመው ለወጣቶች ሐሳብ አነስተኛ ድጋፍ የሚሰጡበት ኮሚቴ ነው። ሁለቱን ወገኖች «ኑ፣ ስለ ሰላም እንወያይ» ብሎ ከመጥራት፣ «ይህን ገንዘብ ለማን እንስጥ?» ብሎ አንድ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ ይቀላል። ሰው ስብሰባ ይሰለቻል፤ ለሥራ ግን ይገናኛል። ሐሳቡ በኋላ ወደ ሮማኒያ፣ ወደ ቦስኒያና ወደ ጆርጂያም ተዛምቷል።

የቦስተን ከተማ ደግሞ ከፋውንዴሽን ገንዘብ አልፋ የመንግሥትን ካዝና ከፍታለች። በ2014 ከከተማው የካፒታል በጀት 1 ሚሊዮን ዶላር ተለይቶ፣ በምን ላይ ይዋል የሚለውን ዕድሜያቸው ከ12 እስከ 25 ዓመት የሆኑ ነዋሪዎች እንዲወስኑ ተደረገ። መነሻው በብራዚሏ ፖርቶ አሌግሬ በ1989 የተጀመረው የሕዝብ በጀት አሠራር ነው። ወጣቶች በየሰፈሩ ሐሳብ አዋጡ፤ በጎ ፈቃደኞች ከከተማው ባለሙያዎች ጋር ተቀምጠው ሐሳቡን ወጪ የተሰላለት ፕሮጀክት አደረጉት፤ ከዚያ ድምፅ ተሰጠ። ካሸነፉት መካከል የመናፈሻ ማሻሻያ፣ የእግረኛ መንገድና ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ላፕቶፕ መግዛት ይገኙባቸዋል። በዚያ ከተማ ከንቲባ ለመምረጥ 18 ዓመት መሙላት ያስፈልጋል፤ የ12 ዓመት ልጅ ግን የከተማው በጀት ላይ ድምፁን ሰጠ።

ይህን ሁሉ ብዬ ጉድለቱን ባልናገር አድልዎ ይሆናል። አንደኛ፣ ስሙ ራሱ እንደሚለው ያክ አማካሪ ነው። በሕግ ተጠያቂው የፋውንዴሽኑ ቦርድ ስለሆነ የመጨረሻው ፊርማ የአዋቂዎች ነው። ቦርዱ አብዛኛውን ጊዜ የልጆቹን ውሳኔ ያጸድቃል፤ ሆኖም ልጆቹን ለፎቶ አስቀምጦ ውሳኔውን በጓሮ የሚጨርስ ሰው ቢመጣ መንገዱ ክፍት ነው። ሁለተኛ፣ እንዲህ ያለ ወንበር ላይ ቀድሞ የሚደርሰው ውጤቱ ጥሩ የሆነ፣ ማታ ከስብሰባ በመኪና የሚወስደው ወላጅ ያለው ልጅ ነው። ከትምህርት በኋላ ሠርቶ ቤተሰብ የሚረዳው ልጅ፣ ችግሩን ከሁሉ አብልጦ እያወቀው፣ ከጠረጴዛው ይቀራል። ትራንስፖርትና እራት የማያቀርብ ምክር ቤት የደህና ቤት ልጆች ክበብ ሆኖ ያርፋል።

ሦስተኛው የመጠን ነገር ነው። የሚሺጋኗ የፍሊንት ከተማ በ2014 የውሃ ምንጯን ስትቀይር ውሃው በእርሳስ ተበከለ። የትኛውም የወጣቶች ኮሚቴ በጥቂት ሺህ ዶላር የከተማ የውሃ ቧንቧ አይቀይርም። ተረቱ እዚህ ላይ ግማሽ እውነት አለው፤ ልጅ ያቦካው ለመላው ከተማ ራት አይበቃም። የመንግሥትን ሥራ ለልጆች ኮሚቴ አሸክሞ ዘወር ማለትም ነውር ነው። ያክ የሚያዋጣው ከመንግሥት ጎን ሲቆም እንጂ በመንግሥት ፈንታ ሲቆም አይደለም።

አሜሪካ ለምትኖሩ ወገኖች አንድ ተግባራዊ ነገር ልጠቁም። በምትኖሩበት አካባቢ የማኅበረሰብ ፋውንዴሽን መኖሩ አይቀርም። የወጣቶች ኮሚቴ እንዳለው ደውላችሁ ጠይቁ። ካለው ልጃችሁ ያመልክት፤ ከሌለው ለምን እንደሌለው ጠይቁ። ልጆቻችሁ ሁለት ቋንቋና ሁለት ባህል ይዘው ሲገቡ ኮሚቴው ያላየውን ያሳዩታል።

አገር ቤት ላለነው ደግሞ ተቋሙ ሩቅ አይደለም። እድር አለን። ሰው ሲሞት ድንኳን የሚተክለው፣ ወንበር የሚሸከመው፣ ውሃ የሚያመላልሰው የሰፈሩ ወጣት ነው። መዝገቡ፣ ማኅተሙና የባንክ ደብተሩ ግን በትልልቆቹ እጅ ነው፤ አባልነቱም በአባወራውና በእማወራዋ ስም ነው። የሚሺጋኑ ውል 3 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ ለመጀመር ግን ሚሊዮን አያስፈልግም። የእድራችሁ ጠቅላላ ጉባኤ በሚቀጥለው ስብሰባ ከቋቱ ትንሽ ይቁረጥ። ሰባት ወጣት ይሰይም፤ ሴቶቹም ሥራ አጦቹም ይግቡበት። የአንድ ገጽ ፕሮፖዛል ይቀበሉ፣ ቃለ ጉባኤ ይያዙ፣ ደረሰኝ ያምጡ፣ በዓመቱ መጨረሻ ለጉባኤው ሪፖርት ያቅርቡ። ቢሳሳቱ የሚጠፋው ትንሽ ገንዘብ ነው። ድንኳን የሚሸከም ልጅ መዝገብም መያዝ ይችላል።