ቆጣሪው አይችለውም

ሎጊያ ወይም ሰመራ ላይ አልጋ የሚፈልግ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ከዋጋው በፊት የሚጠይቀው ክፍሉ ኤሲ እንዳለው ነው። የከባድ መኪና ኤሲ የሚሠራው በሞተሩ ጉልበት ነውና ሞተሩ ሲጠፋ ቅዝቃዜውም አብሮ ይጠፋል፤ ሙቀቱ 40 ዲግሪን በሚሻገርበት ወቅት ደግሞ ካቢና ውስጥ ማደር የሚታሰብ አይደለም። እናም ባለ ፔንሲዮኑ ኤሲ ይገዛል። መጀመሪያ ለሁለት ክፍል፣ ገበያው ሲደራ ለአራት፣ ከዚያ ለስምንት። አንድ ቀን ከቀትር በኋላ፣ ክፍሉ ሁሉ ተይዞ ሳለ፣ ጓዳ ውስጥ ምጣዱ ሲሰካ ብሬከሩ ይጥላል። ያነሱታል፤ መልሶ ይጥላል። የተጠራው ኤሌክትሪሺያን ሳጥኑን ከፍቶ ያያል፣ ስንት ኤሲ እንዳለ ይቆጥራል፣ ከዚያ ሁሉም ኤሌክትሪሺያን የሚለውን ይላል፦ «ጋሼ፣ ቆጣሪው አይችለውም። ኃይል ማሳደግ አለብዎት።»

ኃይል ማሳደግ የሚጠየቀው ከኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ነው። የቀድሞው መሥሪያ ቤት በ2006 ዓ.ም. ለሁለት ሲከፈል ማመንጨቱና በከፍተኛ መስመር ማስተላለፉ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል፣ ለየቤቱ ማከፋፈሉና መሸጡ ለአገልግሎቱ ደረሰ፤ ሰዉ ግን ዛሬም ሁለቱንም «መብራት ኃይል» እያለ ነው የሚጠራው። ደንበኛው ያመለክታል፣ ባለሙያ መጥቶ ጭነቱን ያያል፣ የአካባቢው ትራንስፎርመር ትርፍ አቅም እንዳለው ይጣራል፣ ክፍያው ተተምኖ ይከፈላል፣ ከፖል እስከ ቤት ያለው ገመድና ቆጣሪው ይቀየራል። ሲያወሩት አጭር ነው። ትራንስፎርመሩ ሞልቶ ከተገኘ ግን ነገሩ የአንድ ቤት ጉዳይ መሆኑ ያበቃል።

ሒሳቡ ከባድ አይደለም። ዋት ማለት ቮልት በአምፔር ሲባዛ ነው። ቤታችን የሚገባው 220 ቮልት ስለሆነ፣ አንድ ዕቃ የሚስበውን አምፔር ለማወቅ ጀርባው ላይ የተጻፈውን ዋት ለ220 ማካፈል ይበቃል። የእንጀራ ምጣድ ከ3,500 እስከ 4,000 ዋት ይበላል፤ ባለ 4,000ው 18 አምፔር ይስባል ማለት ነው። ባለ 12,000 ቢቲዩ ኤሲ እየሠራ ሳለ 1,200 ዋት ገደማ ይፈጃል፤ አምስት ከግማሽ አምፔር። ስምንቱም አንዴ ሲሠሩ 44 አምፔር ደረስን። ምጣዱ ሲገባ 62። ፍሪጁን፣ የውሃ ፓምፑን፣ ቴሌቪዥኑንና አምፖሉን ስንደምር 70 አካባቢ እንቆማለን። ኢንቨርተር ያልሆነ ኤሲ ደግሞ ኮምፕሬሰሩ በሚነሳባት ቅጽበት ከመደበኛው ብዙ እጥፍ ስለሚስብ፣ ሁለት ሦስቱ ባንዴ ከተነሱ ከዚህም ያልፋል። አንድ ምጣድ ከሦስት ኤሲ እንደሚበልጥ ልብ ይሏል። በእነዚህ ከተሞች ባለ ፔንሲዮን ስለ ኤሲው ሲያማርር እሰማለሁ፤ ስለ ምጣዱ ግን ማንም አያነሳም።

አውሮፓ ውስጥ አልጋና ማድ ቤት ያለውን መኪና እየነዱ የሚዞሩ ሰዎች ይህን ሒሳብ በቃላቸው ያውቁታል። ማረፊያ ሜዳ ሲገቡ መኪናቸውን የሚሰኩበት ሶኬት ባለ 6፣ ባለ 10 ወይም ባለ 16 አምፔር ነው፤ 6 የደረሰው ሰው የውሃ ማፍያና የክፍል ማሞቂያ ባንዴ አይሰካም። ከዚያ በላይ ካማረው ሶኬቱን መቀየር አይበቃውም፤ ከሶኬቱ እስከ መኪናው ያለው ገመድ፣ የመኪናው መግቢያ፣ ብሬከሩ፣ በግድግዳው ውስጥ ያለው ሽቦ ሁሉ መከተል አለበት። የአፋር አርብቶ አደር ደቦይታውን በግመል ጭኖ ሲዘዋወር ኖሯልና ተንቀሳቃሽ ቤት ለዚህ አገር አዲስ ነገር አይደለም፤ አዲሱ ሶኬቱ ነው። የሰመራውም ፔንሲዮን መንኮራኩር የለውም እንጂ ሕጉ ያው ነው፦ ከትራንስፎርመሩ እስከ ኤሲው ባለው መንገድ ላይ የሁሉን አቅም የሚወስነው ደካማው ቦታ ነው።

አቋራጩን ደግሞ ሁሉም ያውቀዋል። ባለ 32 ብሬከሩን ነቅሎ ባለ 63 መግጠም። ዋጋው ትንሽ፣ ሥራው የደቂቃዎች ነው፤ ብሬከሩም ከዚያ ወዲያ አይጥልም። የሚያስፈራው አለመጣሉ ነው። ብሬከር የተቀመጠው ለኤሲው ተብሎ አይደለም፤ ግድግዳ ውስጥ ለተቀበረው ሽቦ ዘበኛ ነው። ዘበኛው እንዲያንቀላፋ ከተደረገ ሽቦው በዝምታ ይግላል፤ መጀመሪያ የሚታየው የጠቆረ ሶኬት፣ እጅ ላይ የሚለጠፍ መሰኪያና የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ነው።

እዚህ ላይ የበረሃው ሙቀት ራሱ ሒሳብ ውስጥ ይገባል። ለሶኬት በብዛት የሚዘረጋውን ባለ 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ የመዳብ ሽቦ እንውሰድ። ፒቪሲ ለብሶ በቱቦ ውስጥ ሲያልፍ 24 አምፔር ያህል እንዲሸከም ዓለም አቀፉ ሠንጠረዥ ይፈቅድለታል። ሠንጠረዡ ግን የተሠራው በዙሪያው ያለው አየር 30 ዲግሪ ነው በሚል ነው። አየሩ 40 ሲደርስ ቁጥሩ በ0.87 ይባዛል፤ 45 ሲደርስ በ0.79፤ 50 ሲደርስ በ0.71። ሰመራ ላይ በቆርቆሮው ጣሪያና በኮርኒሱ መካከል፣ ሽቦው በሚያልፍበት ክፍተት፣ ከቀትር በኋላ 50 ዲግሪ ብርቅ አይደለም። እዚያ ያለው ሽቦ አቅሙ ወደ 17 አምፔር ወርዷል፤ ምጣዱ ደግሞ 18 ይፈልጋል። ደሴ ላይ ያለ ሐሳብ እንጀራ የሚያስጋግር ሽቦ ቆላ ሲወርድ ከአቅሙ በላይ ተጭኗል። የፒቪሲ ልባስ የሚችለው እስከ 70 ዲግሪ ነው፤ ከዚያ ሲያልፍ ዛሬውኑ ባይቀልጥም ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል።

ብሬከሩም ከዚህ አያመልጥም። የቤት ብሬከር የሚስተካከለው ለ30 ዲግሪ ነው፤ ፀሐይ በሚመታው የብረት ሳጥን ውስጥ ሲቀመጥ ከተጻፈበት አምፔር ቀድሞ ይጥላል። «ብሬከሩ ተበላሽቷል» ተብሎ በየወሩ የሚቀየረው አንዳንዱ ምንም ያልሆነው ነው፤ ሳጥኑን ከምዕራቡ ግድግዳ ነቅሎ ጥላ ያለበት ቦታ መስቀል ይበቃው ነበር።

ሥርዓቱን የጠበቀው መንገድ ከሲንግል ፌዝ ወደ ስሪ ፌዝ መሻገር ነው። በመንደሩ ፖል ላይ ሦስት ፌዝና አንድ ኒውትራል ያልፋሉ፤ ተራው ቤት ከሦስቱ አንዱን ፌዝና ኒውትራሉን ብቻ ወስዶ 220 ቮልቱን ያገኛል። በሁለት ፌዞች መካከል ያለው 380 ቮልት ነው። ባለ ስሪ ፌዙ ቆጣሪ ሦስቱንም ያስገባል፤ በአንድ ሽቦ ሊያልፍ የነበረው 70 አምፔር ለሦስት ተካፍሎ በየፌዙ 24 ቢደርስ ነው። ይህ የሚሆነው ግን ጭነቱ በትክክል ከተከፋፈለ ብቻ ነው። አራት ኤሲ በአንዱ ፌዝ፣ አራቱ በሌላው፣ ምጣዱ ከፍሪጁና ከፓምፑ ጋር በሦስተኛው ቢሆን ለፔንሲዮናችን ይስማማዋል። ብዙ ቤት የሚደረገው ሌላ ነው፦ አዲሱ ቆጣሪ ይገባል፣ የድሮው ሽቦ ሁሉ ለቀድሞው ፌዝ እንደታሰረ ይቀራል፣ ሁለቱ ፌዞች ሥራ ፈትተው ይቀመጣሉ። ያን ሁሉ ብር ከፍሎ አንድ ፌዝ ብቻ የሚጠቀም ቤት ማየት ያናድዳል።

ስሪ ፌዝ ይዞት የሚመጣ አንድ አደጋም አለ። የጋራው ኒውትራል ከላላ ወይም ከተበጠሰ ሦስቱ ፌዞች ሚዛናቸውን ያጣሉ፤ ብዙ ዕቃ የተሰካበት ፌዝ ቮልቴጁ ሲወርድ፣ ጥቂት የተሰካበት ወደ 380 ሊጠጋ ይችላል። ባንዴ ሦስት ቴሌቪዥንና አንድ ፍሪጅ ተቃጠለ ሲባል ብዙ ጊዜ ጉዳዩ ይኸው ነው። ስለዚህ አዲስ ቆጣሪ ሲገጠም የኒውትራሉ ብሎን ጥብቅ መሆኑን በዓይን ማየት ከብሬከሩ የንግድ ስም ይበልጣል። መሬት የሚቀበረው የኧርዝ ዘንግም መፈተሽ አለበት፤ ደረቅና ድንጋያማ አፈር ኤሌክትሪክን በደንብ አይቀበልም። ኤሌክትሪሺያኖች ጉድጓዱ ውስጥ ከሰልና ጨው የሚጨምሩትና ውሃ የሚያጠጡት ለዚህ ነው።

ከቤቱ አጥር ውጭ ትራንስፎርመሩ አለ። በመካከለኛ መስመር የመጣውን 15 ወይም 33 ሺህ ቮልት ወደ 380 እና 220 የሚያወርደው እሱ ነው። ባለ 100 ኬቪኤ ትራንስፎርመር በየፌዙ 150 አምፔር ገደማ ይሰጣል፤ እንደ እኛው ያሉ ስድስት ፔንሲዮኖች ከሞላ ጎደል ይጨርሱታል። እሱም በተራው ሙቀት ይፈራል፦ ተራው በዘይት የሚቀዘቅዝ ትራንስፎርመር የተሰላው የአየሩ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ለማያልፍበት፣ የዓመቱም አማካይ 20 ለሆነበት ቦታ ነው። አዋሽ ሰባት ኪሎ ይህን አይመስልም፤ ሰመራማ ጭራሽ። ሁሉም ኤሲውን የሚከፍትበት ሰዓት ትራንስፎርመሩ፣ ገመዱና ብሬከሩ ሁሉ አቅም የሚያጡበት ሰዓት መሆኑ የእነዚህ ከተሞች ልዩ ችግር ነው።

መስመሩ ሲጨናነቅ መጀመሪያ የሚወርደው ቮልቴጁ ነው። 220 የነበረው መስመሩ ጫፍ ላይ ያለ ቤት ሲደርስ 180 ከሆነ ምጣዱ የጉልበቱን ሲሶ ያጣል፤ እንጀራው ዓይን አያወጣም። የኤሲው ኮምፕሬሰር ደግሞ ያነሰውን ቮልት በአምፔር ሊያካክስ ብዙ እየሳበ ይግላል። ሰዉ ስታቢላይዘር ይገዛል። ስታቢላይዘሩ ለገዛው ሰው 220ውን ይመልስለታል፤ ያንን የሚያደርገው ግን ከመስመሩ ተጨማሪ አምፔር እየሳበ ስለሆነ የጎረቤቱ ቮልት ይብሱን ይወርዳል። ጎረቤትም በተራው ስታቢላይዘር ይገዛል።

አዋሽ ከኤሌክትሪክ ጋር የቆየ ትውውቅ አለው፤ ወንዙን ማለቴ ነው። የቆቃ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1960 በ43.2 ሜጋ ዋት ሥራ ጀመረ፤ ቀጥለው እያንዳንዳቸው 32 ሜጋ ዋት ያላቸው አዋሽ ሁለትና አዋሽ ሦስት መጡ። ሦስቱም ከአዋሽ ከተማ በላይ፣ ወንዙ ወደ አፋር ከመግባቱ በፊት ናቸው። ከተማዋ ራሷ የባቡር ልጅ ናት፤ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡርም ከአናቱ በተዘረጋ ሽቦ 25,000 ቮልት እየሳበ ያልፋል። ባቡሩ ያን ሁሉ ይዞ እያለፈ በከተማዋ ያለ ሻይ ቤት ፍሪጁንና ምጣዱን ማፈራረቁ ሊያስገርም አይገባም። ትልቁ መስመር በአናት ማለፉና ሶኬት ላይ አምፔር መኖሩ ለየቅል ናቸው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት ይዟል፤ ከፖል ወደ ቤት የወረደችውን ቀጭን ገመድ ግን አያወፍራትም። አዲስ አበባም ይህን በሌላ በር እየተማረችው ነው፦ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ በየግቢው የሚሰቀለው ባለ 7 ኪሎ ዋት የመኪና ቻርጀር ብቻውን 32 አምፔር ይፈልጋል።

ማመልከቻው ከመጻፉ በፊት ግን ጭነቱን መቀነስ ይቻል እንደሆነ ማየት ያዋጣል። ምጣዱ ንጋት ላይ፣ ኤሲው ገና ሳይከፈት ቢለኮስ 18 አምፔር ከከባዱ ሰዓት ላይ ይነሳል። ኢንቨርተር ኤሲ ሲገዛ ውድ ነው፤ ሲነሳ ግን ቀስ ብሎ ስለሆነ ያ የቅጽበት ግፊት አይኖርም። ጣሪያውን ነጭ መቀባትና በኮርኒሱ ላይ አየር የሚያስተላልፍ ቀዳዳ መተው ለክፍሉም ለሽቦውም ነው።

ኃይሉ አድጎ ቆጣሪው ከተገጠመ በኋላ ኤሌክትሪሺያኑን ጠዋት በብርዱ ተቀብሎ ሒሳቡን ዘግቶ መሸኘት አያዋጣም። የመጨረሻው ክፍያ ይቆይና ከቀትር በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይምጣ። ስምንቱም ኤሲ ይከፈት፣ ምጣዱ ይሰካ፣ ፓምፑ ይነሳ፤ ግማሽ ሰዓት ይጠበቅ። ከዚያ በየፌዙ ያለውን አምፔር በፒንሳ መለኪያው ይለካ፣ ቮልቱን በሩቁ ክፍል ሶኬት ላይ ያንብብ፣ የምጣዱን መሰኪያ ነቅሎ አለመጋሉን በመዳፉ ያረጋግጥ። ቁጥሮቹን በሳጥኑ ክዳን ውስጠኛ ገጽ ላይ በማርከር ይጻፋቸው፤ በሚቀጥለው ዓመት ዘጠነኛው ኤሲ ሲመጣ የሚጠራው ኤሌክትሪሺያን ከባዶ አይጀምርም።