የጣት መለኪያው፣ የውኃው ጠርሙስና የነርሷ ዓይን

ሰው ትንፋሽ ሲያጥረው ከንፈሩ ይጠቁራል ይባላል። እውነት ነው፤ ግን ከንፈር እስኪጠቁር ድረስ ጊዜው ብዙ ሄዷል። እንደ እኛ ባለ ጠይም ወይም ጥቁር ቆዳ ላይ ደግሞ ለውጡ ቶሎ አይለይም። ስለዚህ ነርሶች ምላስንና ድድን ገልጠው እንዲያዩ፣ ሰዓት ይዘውም የበሽተኛውን ትንፋሽ አንድ ሙሉ ደቂቃ እንዲቆጥሩ ይማራሉ። ከ2 እስከ 11 ወር ያለ ሕፃን በደቂቃ 50 ጊዜና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ያለው 40 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ ትንፋሹ ፈጥኗል ማለት ነው። ለብዙ ዘመን መሣሪያቸው ይኸው ነበር።

ዛሬ እንደ ልብስ መቆንጠጫ ጣት የሚይዝ ትንሽ መሣሪያ አለ፤ ፐልስ ኦክሲሜትር ይባላል። በፊዚክስ ስለ ብርሃን የተማርነው እዚህ ላይ ሥራ ይዟል። መሣሪያው በአንድ ወገን ሁለት ብርሃን ይለቃል፤ አንዱ ቀይ፣ ሁለተኛው ዓይን የማያየው ኢንፍራሬድ ነው። በሌላው ወገን ምን ያህሉ ጣትን አልፎ እንደመጣ ይለካል። ኦክስጅን የተሸከመ ደም ቀዩን ብርሃን ያሳልፈዋል፤ ያልተሸከመው ይውጠዋል። ሁለቱን ብርሃን በማነጻጸር ከመቶ ስንት እጁ ሄሞግሎቢን ኦክስጅን እንደያዘ ይሰላል።

እንዴ፣ ቆዳውና አጥንቱስ ብርሃን አይውጡም ወይ? ይውጣሉ እንጂ። ይህን የፈታው ጃፓናዊው መሐንዲስ ታኩኦ አዮያጊ ነው። ልብ የሚረጨውን የደም መጠን በቀለም ለመለካት ሲሞክር የልብ ትርታ ጣልቃ እየገባ ሥራውን ያበላሽበት ነበር። ኋላ ግን ከትርታው ጋር ከፍ ዝቅ የሚለው ብርሃን በደም ቅዳ የሚሮጠውን ደም እንደሚያመለክት ተገነዘበ፤ ቆዳና አጥንት አይመቱማ! ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1974 ይፋ አደረገ። ያስቸገረው ነገር ራሱ መፍትሔ ሆነለት።

ቁጥሩ ግን ሁሉን አይናገርም። ታናሽ ወንድሜ በሳንባ ምች ታሞ ሳለ መሣሪያው 86 አሳየ። እናቴ «ልጄ ሞተብኝ እኮ ሲስተር!» ብላ ጮኸች። ሲስተሯ «ይቆዩ እናቴ፣ እጁ ቀዝቅዞ ነው» አለችና እጁን አሻሽታ በሌላ ጣቱ ለካችው፤ 93 ሆነ። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ኦክስጅን ይሰጠው የሚለው ከ90 በታች ለወረደ ልጅ ነው። እኛ ተመስገን ስንል እሷ ልብሱን ገልጣ ደረቱን አየች። አየር በሳበ ቁጥር ከጎድን አጥንቱ ሥር ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። ወዲያው ሮጣ ሐኪም ጠራች።

ልክ ነበረች። ብርድና የጥፍር ቀለም ብቻ ሳይሆኑ የቆዳ ቀለምም መሣሪያውን ያሳስተዋል። እ.ኤ.አ. በ2020 በአሜሪካ የወጣ ጥናት መሣሪያው ከ92 እስከ 96 ባሳየባቸው ጊዜያት የበሽተኞቹን ደም በላቦራቶሪ ከተገኘው ጋር አመሳክሮ ነበር። ደሙ ከ88 በታች ሆኖ የተገኘው በነጮች ከመቶ 3.6 ጊዜ፣ በጥቁሮች ከመቶ 11.7 ጊዜ ነው። መሣሪያው ደኅና ነው ሲል ደኅና ያልሆነው ብዙውን ጊዜ የእኛ ዓይነቱ ሰው ነው ማለት ነው!

ሌላው አዲስ ዘዴ ባብል ሲፓፕ ይባላል። ሕፃኑ በአፍንጫው ኦክስጅን ያገኛል፤ ትንፋሹ የሚወጣበት ቱቦ ጫፍ ግን ጠርሙስ ውስጥ ባለ ውኃ ይጠልቃል። ውኃው ትንፋሹን ስለሚገታው ሳንባ ውስጥ ግፊት ይቀርና ትንንሾቹ የአየር ከረጢቶች አይጨፈለቁም። በባንግላዴሽ፣ ዳካ ከተማ፣ ዶክተር ሞሐመድ ጆባየር ቺስቲ ይህን በባዶ የሻምፖ ጠርሙስ ሠርተውታል። እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣው ውጤት በተለመደው ኦክስጅን ከታከሙት ሕፃናት ከመቶ 15፣ በጠርሙሱ ከታከሙት ከመቶ 4 ሞተዋል። በአገራችን ጠቅላላ ሆስፒታሎችም ተሞክሯል።

እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው የማላዊ ውጤት ግን ተቃራኒ ሆነ። ሐኪም በየቀኑ በማይከታተልበት ሆስፒታል በዚሁ ዘዴ ከታከሙት ከመቶ 17፣ በተለመደው ኦክስጅን ከታከሙት ከመቶ 11 ሞቱ። በዳካ ሐኪሞች በቅርብ ነበሩ። ጠርሙሱ አረፋ መሥራቱን ካቆመ ቱቦው ከአፍንጫ ወጥቷል ወይም አንድ ቦታ አየር ያፈስሳል፤ የሻምፖ ጠርሙስ ደግሞ ደወል የለውም።