ጳጉሜንና የንግድ ኮምፒዩተር

በተክለ ሃይማኖት አደባባይ ዙሪያና ከዚያም አልፎ እስከ መርካቶ መካከል ድረስ በተደረደሩት መደብሮች ውስጥ ነጋዴው በሁለት የዘመን አቆጣጠር ይሠራል። ከውጭ አገር የሚመጣው ኢንቮይስ፥ የመርከብ ጭነት ሰነዱና በባንክ የሚከፈተው ኤል.ሲ. በኤውሮፓውያን ቀን ይጻፋሉ፤ ለደንበኛ በዱቤ የተሰጠው ዕቃ፥ የመደብሩ ኪራይና የሠራተኛው ደመወዝ ግን በኢትዮጵያ ቀን ይቈጠራሉ። ሒሳቡ በእጅ ይመዘገብ በነበረበት ዘመን ይህ ብዙ ችግር አላስከተለም፤ መዝገብ ያዡ ጳጉሜን የሚባል ወር መኖሩን ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቃልና። ሒሳቡ ወደ ኮምፒዩተር በተዛወረ ጊዜ ግን ነገሩ ተለወጠ፤ መሣሪያው የሚያውቀው ያስተማሩትን ብቻ ነው።

የችግሩን መነሻ ለመረዳት በኤውሮፓውያን አቆጣጠር በ1990ዎቹ ዓመታት በብዙ አገሮች የንግድ ቤቶች ተስፋፍቶ የነበረውን መካከለኛ ኮምፒዩተር መመልከት ይጠቅማል። መካከለኛ የተባለውም በታላላቅ ድርጅቶች ከሚሠራበት ግዙፍ ኮምፒዩተር ያነሰ፥ በአንድ ሰው ጠረጴዛ ላይ ከሚቀመጠው የግል ኮምፒዩተር ደግሞ የበለጠ በመሆኑ ነው። ከእነዚህ መካከል ስመ ጥር የሆነው፥ የአሜሪካው አይ.ቢ.ኤም. ኩባንያ ሰኔ 14 ቀን 1980 ዓ.ም. ይኸውም በኤውሮፓውያን አቆጣጠር ጁን 21 ቀን 1988 ለዓለም ያስታወቀው ኤ.ኤስ. 400 ነበር። የዕቃ ግምጃ ቤት መዝገብ፥ የደንበኞች ዕዳና የደመወዝ ሒሳብ በዚህ በአንድ መሣሪያ ላይ ይያዙ ነበር። ፕሮግራሞቹም አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፉት አር.ፒ.ጂ. በሚባለው፥ በ1959 እ.ኤ.አ. ሪፖርት ለማውጣት ተብሎ በተጀመረው ቋንቋ ነበር።

በዚያን ጊዜ የማስቀመጫ ቦታ ውድ ስለ ነበረ፥ ቀን የሚመዘገበው በስድስት አኃዝ ብቻ ነበር፤ ሁለቱ ለቀን፥ ሁለቱ ለወር፥ ሁለቱም ለዓመት። አር.ፒ.ጂ. ቀንን እንደ ተራ ቍጥር ሳይሆን ራሱን እንደ ቻለ የመረጃ ዓይነት መቀበል የጀመረው በ1994 እ.ኤ.አ. በወጣው አዲስ እትሙ ነው። ቀኑ ትክክለኛ መሆኑን የሚያጣራው ክፍል ግን ከመጀመሪያው አንሥቶ የተሠራው ለኤውሮፓውያን አቆጣጠር ነበር።

እንዲህ ባለ ፕሮግራም ላይ የኢትዮጵያን ቀን የሚያስገባ ጸሐፊ ወዲያው ይሰናከላል። ጥቅምት 30 ቀን፥ ሁለተኛው ወር ፌብሩዋሪ 30 ቀን ስለሌለው፥ ስሕተት ነው ተብሎ ይመለሳል። ጳጉሜንማ አሥራ ሦስተኛ ወር ስለ ሆነ ከነጭራሹ አይታወቅም። ጸሐፊው ሥራው እንዳይቆም ሲል የጳጉሜንን ሽያጭ በነሐሴ 30 ወይም በመስከረም 1 ቀን ይመዘግበዋል፤ በዚህም ጊዜ መዝገቡ ከደረሰኙ ጋር መስማማቱ ይቀራል።

ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ወሮቹን ሁሉ ሠላሳ ሠላሳ ቀን አድርጎ ጳጉሜንን የሚዘል ፕሮግራም ነው፤ ይህኛው ስሕተቱን በዝምታ ይሠራልና። ለምሳሌ አንድ አስመጪ ነሐሴ 1 ቀን በ90 ቀን የሚከፈል የ1,000,000 ብር ዕዳ ፈረመ እንበል። ጳጉሜን 5 ቀን በሚሆንበት ዓመት ዘጠናኛው ቀን ጥቅምት 26 ነው። ፕሮግራሙ ግን ኅዳር 1 ቀን ነው ይለዋል። አስመጪው መሣሪያውን አምኖ በኅዳር 1 ቀን ቢከፍል አምስት ቀን አሳልፏል። ወለዱ በዓመት 12 በመቶ ቢሆን የአምስቱ ቀን ብቻ 1,643 ብር ከ84 ሳንቲም ይሆናል፤ የመዘግየት ቅጣትና በአበዳሪው ዘንድ የሚጎድለው እምነት ሳይቈጠር ማለት ነው። በዘመነ ሉቃስ ጳጉሜን ስድስት ቀን ስለ ሆነ ልዩነቱም ወደ ስድስት ቀን ከፍ ይላል።

ዓመቱን በሁለት አኃዝ መጻፍም የራሱ መዘዝ ነበረው። ዓለም በሙሉ የተጨነቀበት የ2000 እ.ኤ.አ. መግቢያ በኢትዮጵያ ታኅሣሥ 22 ቀን 1992 ዓ.ም. ነበር። በኢትዮጵያ ቀን ለሚሠራ ፕሮግራም ግን 99 ወደ 00 የተመለሰው መስከረም 1 ቀን 2000 ዓ.ም. ማለትም በሴፕቴምበር 12 ቀን 2007 ነው። ስለዚህ በሁለቱም አቆጣጠር የሚሠራ ድርጅት ፈተናውን ሁለት ጊዜ ማለፍ ነበረበት። በኤ.ኤስ. 400 ላይ ከ40 እስከ 99 ያለው ሁለት አኃዝ በ1900ዎቹ፥ ከ00 እስከ 39 ያለው ደግሞ በ2000ዎቹ እንዲታሰብ ስለ ተደረገ፥ ሳይታደስ የቀረ የስድስት አኃዝ ቀን ታኅሣሥ 21 ቀን 2032 ዓ.ም. ያበቃል።

የኔትዎርኩም ነገር ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። መጀመሪያ ላይ በመደብሩ፥ በግምጃ ቤቱና በገንዘብ ተቀባዩ ዘንድ የሚቀመጡት ተርሚናሎች የራሳቸው አሳብ አልነበራቸውም፤ በአንድ የኬብል መስመር እስከ ሰባት ድረስ ተቀጥለው የመካከለኛውን መሣሪያ ትእዛዝ ብቻ ይቀበሉ ነበር። ስሕተት ቢኖር በአንድ ቦታ ይታረማል። የግል ኮምፒዩተሮች በቲ.ሲ.ፒ./አይ.ፒ. መገናኘት ሲጀምሩ፥ በኢትዮጵያም ኢንተርኔት በ1989 ዓ.ም. ሲገባ፥ እያንዳንዱ ኮምፒዩተር የራሱን ሰዓትና የራሱን አቆጣጠር ይዞ ወደ መረቡ ገባ። ቅርንጫፉ 5/13 ብሎ የላከውን ዋናው መሥሪያ ቤት በምን እንደሚተረጕመው አስቀድሞ መስማማት ግድ ሆነ።

መድኃኒቱ ግን ከባድ አይደለም። ዕለቱ ከአንድ የታወቀ ቀን ጀምሮ በተከታታይ በሚቈጠር ቍጥር ይቀመጥ፤ የኢትዮጵያም ሆነ የኤውሮፓው ቀን የሚሰላው በመስተዋቱ ላይ ሲታይ ወይም በወረቀት ሲታተም ብቻ ይሁን። ዘጠና ቀን መጨመር ያን ጊዜ ተራ መደመር ይሆናል። እንዲያውም አሥራ ሁለቱ ወሮች እኩል ሠላሳ ቀን ስለ ሆኑ፥ የኢትዮጵያ አቆጣጠር ለስሌት ከኤውሮፓው ይልቅ ይቀላል።

እንግዲህ የሒሳብ ፕሮግራም የሚገዛ ነጋዴ ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቅ። አንደኛ፥ ቀን የሚቀመጠው በምን ዓይነት ነው? ሁለተኛ፥ ጥቅምት 30 ቀንና ጳጉሜን 6 ቀን 2019 ዓ.ም. ሲገቡ ፕሮግራሙ ይቀበላልን? ከነሐሴ 1 ቀን በኋላ ያለውን ዘጠናኛ ቀንስ ማን ብሎ ይመልሳል? ሦስተኛ፥ የፕሮግራሙ ምንጭ ጽሑፍ በማን እጅ ይቈያል? የኤ.ኤስ. 400 ባለቤቶች በ1995 እ.ኤ.አ. መሣሪያው ከ48 ወደ 64 ቢት በተለወጠ ጊዜ ይህን በሚገባ ተረድተዋል፤ ለትርጕም የሚያስፈልገው መረጃ ያልተነቀለላቸው ፕሮግራሞች ወደ አዲሱ ሲሻገሩ፥ የተነቀለባቸው ግን ያለ ምንጭ ጽሑፋቸው ሊሻገሩ አልቻሉም። ምንጩን ያልያዘ ነጋዴ ጳጉሜን በመጣ ቍጥር የሌላውን ሰው ደጅ ይጠናል።